አልለቅህም ያለኝ ፎልደር

በዚህ አገር መግባት ከባድ ነው የሚል ሰው፣ ከአንድም ቦታ ለመውጣት ሞክሮ የማያውቅ ሰው ነው። መግባትማ ማንም ይገባል! የዘመድ አዝማድ የስልክ ግሩፕ ውስጥ ሳትጠየቁ ትገባላችሁ። እስቲ ውጡ! "እገሌ ግሩፑን ለቀቀ" የምትል መስመር ብቅ ትልና፣ በሦስተኛው ቀን "ምን አስቀየምንህ?" የሚል ሽማግሌ በራችሁን ያንኳኳል። እኛ ወሎ ቦረና ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ብላችሁ ሰው ቤት ግቡና ለመነሳት ሞክሩ። "ቁጭ በል እንጂ! ምን ያስቸኩልሃል?" ትባላላችሁ። ሁለተኛ ስትነሱ ምሳ ደርሷል። ሦስተኛ ስትነሱ "ዱአ ሳይደረግ ወዴት ይኬዳል?" ተብሎ የቤቱ ትልቅ ሰው ከጓዳ ይጠራሉ... ይህ የሰው ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኮምፒውተርም እንዳለበት ያወቅኩት ባለፈው ወር፣ በአንድ አርብ ቀን፣ እዚያው ቦረና፣ መካነ ሰላም ከተማ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ሰይድ እባላለሁ። መካነ ሰላም ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። (የመሥሪያ ቤቱን ስም አልናገርም። መሸኛዬ እጄ ላይ ቢሆንም ሰው ምን ያውቃል!) "የኮምፒውተር ክፍል" ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፍሉ እኔ ነኝ። ኃላፊው እኔ፣ ባለሙያው እኔ፣ መሰላል ተሸክሜ ኬብል የምዘረጋውም እኔ። እውቀቴም በአንድ ቃል ያልቃል፤ ሪስታርት! ፕሪንተሩ ወረቀት በላ? ሪስታርት። ኢንተርኔቱ ጠፋ? ሪስታርት። አንዴ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ራሴን አሞኛል" ብትለኝ፣ ቃሏ አፌ ላይ መጥታ በመከራ ነው የመለስኳት።

ባለቤቴ ሐያት ወረኢሉ አስተማሪ ናት። ከተጋባን ጀምሮ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ። በወር አንዴ፣ ሲሳካልኝ ሁለቴ፣ አቧራ ስቅም ውዬ እሄዳለሁ። ልጃችን ሐናን አራት ዓመቷ ነው። በሄድኩ ቁጥር እናቷ ጀርባ ተደብቃ ለጥቂት ጊዜ ታየኝና "የስልኩ አባዬ መጣ" ትላለች። ሳቃችሁ አይደል? እኔም ለሰው ሳወራው እስቃለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ግን አያስቀኝም ነበር።

የዝውውር ማመልከቻዬ ስንት ጊዜ "ቦታ ሲገኝ" ተብሎ እንደተመለሰ ተዉት። በመጨረሻ ግን ቦታ ተገኘ! ደብዳቤው ከታች አንዲት ክፉ መስመር ነበረችው፤ ሰኞ ጠዋት ወረኢሉ ተገኝቼ ሪፖርት ካላደረግኩ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ተጠባባቂው ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን በዚያ ሳምንት ውስጥ እንደ እሱ የጠላሁት ፍጡር የለም።

አርብ ጠዋት ዕቃዬን አይሱዙ ላይ አስጫንኩ። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ እግሯ የላላ ጠረጴዛ። ሾፌሩ ቁርጡን ነገረኝ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ጨለማ እንዲይዘኝ አልፈልግም።" የቀረኝ ክሊራንስ ብቻ ነበር። መቼም ታውቁታላችሁ፤ "ከእኛ ክፍል የሚፈለግበት የለም" እያስባልክ በየቢሮው እየዞርክ ፊርማ የምትለቅምበት ወረቀት ነው። ያለ እሱ መሸኛ የለም፣ ያለ መሸኛ ወረኢሉ የለም። የእኛው ዘጠኝ ፊርማ ይፈልጋል። እስከ ምሳ ድረስ ስምንቱን ለቀምኩ! አርብ ስለሆነ የምሳ ሰዓቱ ረጅም ነው፤ ጁምዓ ሰግጄ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ሰባት ተኩል ሲሆን ዘጠነኛው በር ላይ እያፏጨሁ ቆምኩ።

ዘጠነኛው ጋሽ ይመር ናቸው፤ የንብረት ክፍል ኃላፊ። ጡረታቸው ደርሷል። በሥራ ዘመናቸው ቁጥር ያልጻፉበት ዕቃ በግቢው ውስጥ የለም። መጥረጊያው እንጨት ላይ ሳይቀር በነጭ ቀለም ቁጥር አለ።

"ኮምፒውተሩን አስረከብክ?" አሉኝ።

"ጠረጴዛዬ ላይ ነው ጋሼ፣ ከነማውሱ።"

"ከፎልደሩ ተላቋል?"

"ምን አሉኝ?"

መሳቢያቸውን ሳቡና በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጡ። ሰርኩላር ነው። ከታች ፊርማ አለው። ፊርማው የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤና ሪፖርት ሁሉ ሰርቨር በሚባል አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። የሁላችንም ኮምፒውተር በኬብል ከሱ ጋር ይገናኛል። በየስክሪናችን ላይ "ዜድ" የምትል ፎልደር አለች፤ እሷን ስንከፍት ሁላችንም አንድ ቁም ሳጥን ከፈትን ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ፣ በዚህች የጋራ ፎልደር ላይ ሦስት አንቀጽ ያለው ሰርኩላር አወጣሁ። አንደኛው፣ ማንኛውም ተዛዋሪ ሠራተኛ ይጠቀምበት የነበረው ኮምፒውተር ከጋራ ፎልደሩ መላቀቁ በዓይን ሳይታይ ክሊራንስ አይፈረምለትም። "በዓይን" የምትለዋን አስምሬባታለሁ! ሁለተኛው፣ የግል ፎቶ በጋራ ፎልደር ያስቀመጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሦስተኛው፣ ፎልደሩን በግድ ያላቀቀ ይቀጣል። ሁለተኛዋን አንቀጽ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን። ባንመለስባት ደስ ባለኝ።

"አምስት ደቂቃ ይስጡኝ ጋሼ" አልኩና ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ዜድ ላይ በቀኝ በኩል ጫን፣ "አላቅቅ" የምትለውን ምረጥ፣ አለቀ። መረጥኩ። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት አወጣ፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ "በዚህ ግንኙነት ላይ የተከፈቱ ፋይሎች አሉ። በግድ ይላቀቅ?"

በግድማ አይሆንም። ሦስተኛ አንቀጽ! "አይ" አልኩት። ግን የቱ ነው የተከፈተው? አይናገርም። ማን ከፈተው? አይናገርም። ልክ "አንድ ሰው ቅር ብሎታል" ብሎ ስሙን እንደማይነግራችሁ ሽማግሌ። ያለኝን ሁሉ ዘጋሁ። እንደገና "አላቅቅ"። እንደገና "የተከፈቱ ፋይሎች አሉ"። ሳቅ አልኩ። ባለሙያ ነኝ እኮ! መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ሪስታርት።

ተነሳ። "አላቅቅ"። "የተከፈቱ ፋይሎች አሉ"።

ሁለተኛ ሪስታርት። ሦስተኛ ሪስታርት። ለሰው ሁሉ ሳዝዘው የኖርኩት መድኃኒት እኔ ላይ ሲደርስ አልሠራ አለ! በንዴት ኬብሉን ከጀርባው ነቀልኩና ጋሽ ይመርን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ዜድ ናት ጋሼ፤ ግን ቀይ ምልክት ወጥቶባታል። ተቋርጣለች።"

"ቀይም ትሁን አረንጓዴ፣ አለች" አሉ። "ሰርኩላሩ 'በዓይን' ነው የሚለው። በዓይኔ እያየኋት ነው።" ወጥተው ሄዱ። ኬብሉን መልሼ ሰካሁ።

እዚህ ላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይቅር ይበለኝ። አውቃለሁ... እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ጥፋቱ የሚፈለገው እዚያው ራስህ ማሽን ላይ ነው። ሌላ ክፍል ያለ ሰው የከፈተው ፋይል የእኔን ኮምፒውተር አያስረውም። ይህን ለሌላ ሰው በስብሰባ ላይ አስተምሬያለሁ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፣ አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ ጥፋት ሲመጣ መጀመሪያ ሌላውን የማይ ሰው ነኝ። "እነዚህ ሰዎች ናቸው የከፈቱብኝ!" ብዬ ብድግ አልኩ።

መጀመሪያ ዕቅድ ክፍል ገባሁ። ከማል ይባላል፤ አንድ ፋይል ሲከፍት የበፊቱን አይዘጋም።

"ከማል፣ ከዜድ የከፈትከውን ሁሉ ዝጋልኝ!"

ከማል ዘጋ። አሥራ ሰባት ፋይል! ከዚያ ተነስቶ አቀፈኝ። "ልትሄድ ነው አይደል? ቁጭ በል እንጂ!"

"ቸኩያለሁ ከማል..."

"አውፍ ሳንባባል?"

ይሄ ነው የረሳሁት። በእኛ አገር መንገድ የሚወጣ ሰው "አውፍ በሉኝ" ሳይል አይወጣም። በአብሮነታችን ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ ማለት ነው፤ የሚቀረውም "አንተም አውፍ በለኝ" ይላል። እስላም ክርስቲያን የለውም፤ ሁሉም ይለዋል። ስለዚህ የመጨረሻ ቀኔ ነውና በየክፍሉ ብቅ ባልኩ ቁጥር ሰው ፋይል ላዘጋ የመጣሁ ሳይሆን አውፍ ልባባል የመጣሁ ነው የመሰለው።

"አውፍ በለኝ" አለ ከማል አንገቱን ደፍቶ። "አምና የፕሪንተሩን ክዳን የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ?! አይጥ ነው ብዬ ሪፖርት ጽፌ?"

"ወላሂ እኔ ነኝ። ሪፖርቱን ሳነበው በጣም አዝኜ ነበር።"

ምን ትላላችሁ? አውፍ አልኩ። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ሁለት ወር የፈለግኩት ረጅም ኬብል የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ልብስ ማስጫ መሆኑን ሰማሁ። አውፍ አልኩ። ሌላዋ ደግሞ ሻይ ኪቦርድ ላይ ደፍታ በፀሐይ እንዳደረቀችው ነገረችኝ። አውፍ! አምስት ዓመት ሙሉ "ቫይረስ ነው" እያልኩ ያለፍኩት ሁሉ፣ ለካ በየጠረጴዛው ተቀምጦ ደመወዝ ይበላ ነበር። ከየክፍሉ ስወጣ እየሮጥኩ "አላቅቅ"ን እጫናለሁ፤ "የተከፈቱ ፋይሎች አሉ" ይለኛል።

አሥር ሰዓት ሆነ። ሐያት ደወለች።

"ወጣህ?"

"እየወጣሁ ነው።"

"ሰይድ፣ ሐናን በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ከአሁኑ!"

"አስገቢያት፣ ገና ነኝ።"

"እምቢ አለች። እውነተኛው አባዬ ነው የሚመጣው አልኳት እኮ..."

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ያልገባሁበት አንድ ክፍል እንዳለ ትዝ አለኝ። መዝገብ ቤት።

መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው። ማተባቸውን አስረው፣ "ወላሂ" እያሉ የሚያወሩ ሴት ናቸው፤ በዚህ የሚገረም ካለ ለወሎ እንግዳ ነው። ስገባ ከዶሴያቸው ቀና አላሉም።

"እትዬ አስካለ፣ ዜድን ከፍተውብኝ ይሆን?"

"እኔ ያንን ፎልደር ከፍቼ አላውቅም፤ ከዚያን ቀን ወዲያ" አሉ።

ከዚያን ቀን... የትኛው ቀን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሰርኩላሩ በወጣ ሳምንት ዜድን ስፈትሽ የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ አገኘሁ። በሠራተኛ ስብሰባ መሐል ተነስቼ፣ ስማቸውን ጠርቼ፣ "እነዚህ ሙሽሮች ሰርቨሩን አጨናንቀውታል" ብዬ ሰውን አሳቅኩ። ከዚያ ሰረዝኩት። ልጅቱ ከሠርጓ በኋላ አረብ አገር ሄዳለች። እሳቸው በየጠዋቱ ፎቶዋን ከፍተው አይተው ነበር ሥራ የሚጀምሩት። ይህን በኋላ ሰማሁ፤ ሰምቼም ዝም አልኩ።

"አውፍ በሉኝ እትዬ" አልኩ በችኮላ።

"ሌላውን ሁሉ አውፍ ብያለሁ ልጄ። መንገድህን ያቅናልህ። የፎቶዋን ግን አላልኩም።"

"እትዬ፣ እሱ እኮ ሕግ ነው!"

"አዎ። ሕግ ነው" አሉና ወደ ዶሴያቸው ተመለሱ።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ተናድጄ እንደነበር አልደብቃችሁም። በመሄጃዬ ቀን እንዲህ ይባላል? አሥር ተኩል ሲሆን ጋሽ ይመር ትልቁን መዝገባቸውን ታቅፈው መጡ። "ቢያንስ ሌላውን ዕቃ ልረከብ" አሉና ከቀኝ ወደ ግራ መቁጠር ጀመሩ። እትዬ አስካለም አንድ ዶሴ ሊያስፈርሟቸው ተከትለዋቸው መጥተው በር ላይ ቆሙ።

"ኪቦርድ፣ አንድ። ማውስ፣ አንድ። ስክሪን፣ አንድ።" ቀና አሉና ስክሪኑን አዩት። "ይቺ ልጅስ?"

ስክሪኑ ላይ ሐናን ናት። ከስክሪኑ ምልክቶች ኋላ ባለው ጀርባ ላይ በየአምስት ደቂቃው የሚቀያየር ፎቶዋን አድርጌያለሁ። በዚያች ደቂቃ ላይ ትንንሽ ጥርሶቿን አሳይታ ትስቃለች።

"ልጄ ናት ጋሼ። ሐናን።"

"ትደግልህ። የት ነው የተቀመጠችው?"

"ወረኢሉ፣ ከእናቷ ጋር..."

"እሱን አይደለም። ፎቶው የት ነው ያለው? ዕቃ ሁሉ መቀመጫ አለው። እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ካለች እመዘግባታለሁ።"

"የለም፣ እዚህ ውስጥ አይደለም፤ የኔ ማሽን ቦታ ስለሞላበት ለጊዜው ብዬ ያስቀመጥኳት..."

ለጊዜው ብዬ ያስቀመጥኳት ዜድ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ያለፈው ለጊዜው! ሰው እንዳያገኛት ደግሞ የፎልደሯን ስም "ሲስተም፣ አትንኩ" ብዬዋለሁ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር፣ እኔ ገና ሳልነካው፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዜድ ውስጥ ገብቶ የሐናንን ፎቶ መክፈት ነው። ሪስታርት ባደረግኩት ቁጥር ራሴ እንደገና እከፍተዋለሁ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የፈለግኩት ፋይል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲስቅብኝ ነበር።

"የት?" አሉ ጋሽ ይመር እስክሪብቷቸውን አንስተው።

"...የጋራ ፎልደር ውስጥ።"

ወደ በሩ ለማየት አንገቴ እምቢ አለ። በመጨረሻ ዞርኩ። እትዬ አስካለ ስክሪኑን እያዩ ነበር፤ እኔን አይደለም።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አሉ።

"አራት።"

"በየጠዋቱ ታያታለህ?"

"በየጠዋቱ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ! እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ለካ በእኔ ቤት ልጅ ማለት የእኔዋ ብቻ ናት፤ የሰው ልጅ ሰርቨር ታጨናንቃለች።

ፎቶዎቹን ወደ ስልኬ ወሰድኩ። የስክሪኑን ጀርባ ባዶ ሰማያዊ አደረግኩት። "አላቅቅ" አልኩ። ዜድ አንዲት ቃል ሳትናገር ጠፋች። ጋሽ ይመር አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ጎንበስ ብለው ፈለጓት።

"የለችም" አሉ። ግን እስክሪብቷቸው አልወረደችም። "ሁለተኛው አንቀጽስ?"

"ማስጠንቀቂያ ይላል ጋሼ።"

"ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ኃላፊው ሰኞ ነው የሚገባው። ወይ ደግሞ..." ወደ በሩ አዩ። "የተበደለችው አስካለ ናት። እሷ አውፍ ካለች እኔም አላየሁም።"

ውጭ አይሱዙው ጥሩምባውን ነፋ። አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ጉዳይ። አሁን ባልነግራችሁ የምመርጠው አንድ ነገር አለ። ያኔ ፎቶውን ከመሰረዜ በፊት፣ እንደ ልማዴ የዜድን ሙሉ ቅጂ በአንዲት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ አስቀምጬ ነበር። ዲስኳ ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣለች። እሳቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም ሳልነግራቸው ኖርኩ። ጋሽ ይመር ከመሳቢያዬ አውጥተው ከቆጠሩት ዕቃ መሐል አነሳኋት።

"እሷን ተረክቤያታለሁ!" አሉ።

"አሥር ደቂቃ አውሱኝ ጋሼ።"

ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። ሐያት ደወለች።

"አሁንስ ወጣህ?"

"አንድ ፎቶ ቀረኝ።"

"የምን ፎቶ ነው ደግሞ?!"

"የሰው ልጅ" አልኳትና ዘጋሁት።

አገኘሁት። ሙሽራዋ በር ላይ ቆማ፣ ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ካሜራውን ሳይሆን ከጎን ያለ አንድ ሰው እያየች ትስቃለች። እትዬ አስካለ ቀረብ አሉና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

"እኔን ነው የምታየው" አሉ። "ጫማሽን ለወጥሽው ወይ ስላት ነው የሳቀችው።"

ሁሉንም ወደ ስልካቸው ላክሁ። ከዚያ ጎንበስ አልኩና፣ በዚህኛው ጊዜ ሳልቸኩል፣ "አውፍ በሉኝ እትዬ" አልኩ።

"አውፍ ብያለሁ። ከልቤ ነው። ሂድ፣ ልጅህን አታስጠብቅ።"

ጋሽ ይመር ፈረሙ። ዲስኳንም ተቀበሉኝ፤ ቁጥሯን አይተው። ተፈርሞ ክሊራንሱን ብቻ ይጠብቅ የነበረውን መሸኛዬን ተቀብዬ ወደ በሩ ስሮጥ ግን ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተሰብስቧል። ዱአ! ሾፌሩ ሲያስጮኸው የነበረውን መኪና አጥፍቶ ወርዶ፣ እጁን ዘርግቶ ከሁሉም ቀድሞ ቆሟል። ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን አለ። ከማል መኪናው ሲነሳ ሮጦ መጥቶ በመስኮቱ አንድ ጥቁር ነገር ሰጠኝ፤ የፕሪንተሩ ክዳን ነው።

ሰኞ ጠዋት ወረኢሉ ሪፖርት አደረግኩ። አዲስ ጠረጴዛ፣ አዲስ ኮምፒውተር፣ አዲስ የጋራ ፎልደር ተሰጠኝ። አንድ ጊዜ ጫን አደረግኩ፤ ገባሁ። ነገርኳችሁ፤ መግባትማ ምን አለው! ከጎኔ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ ስክሪኔን አየት አደረገችና ጠየቀችኝ።

"ባዶ ሰማያዊ? ሁሉም ሰው የልጁን ፎቶ ያደርጋል። ልጅ የለህም እንዴ?"

"አለችኝ" አልኳት። "ለምሳ ቤት ስገባ አያታለሁ።"